«አባባ፣ እየጾሙ ነው አይደል?» ብላ ለጠየቀችው እህታችን

ሰላም ለሁላችሁ። በተለይ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ቤት ወይም ነርሲንግ ሆም ውስጥ የምታስታምሟቸው አዛውንት ካሉ ይቺን አንብቡልኝ። አንዲት ሲ ኤን ኤ (የነርስ ረዳት) እህታችንን ላመሰግን ነው። ስሜን እንዳትጽፊ ብላ ባትለምነኝ በትልቁ እጽፈው ነበር።

አባቴ 81 ዓመታቸው ነው። ከገና በኋላ ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ። በደንብ እስኪራመዱ ተብሎ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነርሲንግ ሆም ገቡ። ሲገቡ 148 ፓውንድ ነበሩ። በወሩ 139። ቀለበታቸው ከጣታቸው ይወልቃል፤ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ሲያወሩ ይንቀጫቀጫል። እኔ «እርጅና ነው» ብዬ አለፍኩት። ለካ በአንድ ወር 5 በመቶ ክብደት መቀነስ እዚህ አገር ነርሲንግ ሆሞች እንደ ከባድ ምልክት የሚመዘግቡት ነገር ነው። አባባ 6 በመቶ ቀንሰዋል።

ኢንሹር የሚባለው ወተት መሳይ ገንቢ መጠጥ ታዘዘላቸው። ስሄድ ጠርሙሶቹ ኮመዲኖው ላይ ሳይከፈቱ ተደርድረዋል። የምግብ ትሪውም ብዙ ሳይነካ ይመለሳል። ሲጠየቁ «ሳንኪዩ፣ ፉል» ይላሉ። መዝገቡ ላይ «አልፈልግም ብለዋል» ይጻፋል። በቃ።

ይቺ ልጅ ፈረቃዋ ተቀይሮ ወደ እሳቸው ክፍል የመጣች ቀን ግን ትሪውን አየችው። ዳቦውና ሙዙ ተበልቷል፤ እንቁላሉና ወተቱ እንዳለ ነው። ጎንበስ ብላ «አባባ፣ እየጾሙ ነው አይደል?» አለቻቸው። ሳቁ። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ሰው ላለማስቸገር ለማንም አልተናገሩም፤ ለእኔም ጭምር። እኔ ልጃቸው፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሁዳዴ መግባቱንም ልብ አላልኩም።

ወዲያው ለነርሷና ለዳይቲሽያኗ (ለምግብ ባለሙያዋ) ነገረች። ዳይቲሽያኗ አሜሪካዊት ናት፣ ጎበዝ ሴት፤ እሷንም አመሰግናለሁ። ወተት የማይመስለውን ኢንሹር ክሊር አመጣች። ጁስ ነው የሚመስለው። ልጅቷ ጽሑፉን አንብባ «ይሄም እኮ ፕሮቲኑ ከወተት ነው» አለች። እኔ ደግሞ በጆሮዋ «ዝም ብለሽ ስጫቸው፣ አያውቁም» አልኳት። የመለሰችልኝን አልረሳውም፦ «በኋላ ቢያውቁ ከእጃችን ውሃ እንኳን አይጠጡም። ለንስሐ አባታቸው ደውይ።»

ደወልኩ። አባ በስፒከር አናገሯቸው። «ለታመመ ሰው መድኃኒት ነው፤ ይጠጡ» አሏቸው። አባባ እንቁላሉን እስከ ፋሲካ አልነኩትም፤ መጠጡን ግን እሺ አሉ። ያኔ ዳይቲሽያኗ ሜድ ፓስ የሚባለውን አዘዘችላቸው። ነርሷ ክኒን ስትሰጥ በውሃ ፋንታ በትንሽ ኩባያ የምትሰጠው ወፈር ያለ መጠጥ ነው። 60 ሚሊ ሊትሩ 120 ካሎሪ አለው። በቀን አራት ጊዜ ሲሆን 480። ከክኒን ጋር ስለሚመጣ ለአባባ መድኃኒትነቱ ጥያቄ የለውም።

ኢንሹሩስ? እዚህ ላይ ነው የልጅቷ ብልሃት። ከቤት የቡና ሲኒ አምጪ አለችኝ። አንድ ጠርሙስ ኢንሹር ፕላስ 350 ካሎሪ ነው፤ ግን ሙሉ ጠርሙስ ሲያዩት ያንገፈግፋቸዋል። ቀዝቀዝ አድርጋ በሲኒ መቅዳት ጀመረች። ሦስት ሲኒ ይወጣዋል። አቦሉ ረፋድ ላይ፣ ቶናው ከሰዓት፣ በረካው ከመኝታ በፊት። የቀረው ክዳኑ ተዘግቶ ፍሪጅ ይገባል። ከምግብ በፊት አትሰጣቸውም፤ የምሳቸውን ቦታ ይይዛላ። አባባ «በረካው ቀረ» ብለው ደወል መጫን ሲጀምሩ ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ።

ለፋሲካ 144 ገብተው ነበር። አሁን ቤት ናቸው፤ በዱላ ይሄዳሉ።

ቤት ለምታስታምሙ ሁለት ነገር ላንሳ። አንዱ፣ በአፍ የሚጠጣውን ሜዲኬር ፓርት ቢ (የአዛውንት የመንግሥት ጤና መድን) አይከፍልም፤ እኛ ከኮስትኮ በካርቶን ነው የምንገዛው። ሌላው፣ ወተት በፍጹም አልቀምስም ለሚል ጾመኛ ኬት ፋርምስ የሚባል ፕሮቲኑ ከአተር የሆነ አለ። ስኳር፣ ኩላሊት ወይም የመዋጥ ችግር ካለ ግን መጀመሪያ ሐኪም ወይም ዳይቲሽያን ጠይቁ። ይሄን ያለችኝም እሷ ናት። ስለ መጠን ስጠይቃት ሁሌ «እኔ ዳይቲሽያን አይደለሁም፣ ቆይ ልጠይቅልሽ» ነው መልሷ። እንዲህ የምትል ሠራተኛ ላይ እምነት ይጣላል።

አሁን ቅዳሜና እሁድ ቤት ለቤት ትሠራለች። የምትፈልጓት ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ አስፈቅጄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ሲኒ አዘጋጅታችሁ ጠብቋት፤ የእኛን ሲኒ አባባ አይሰጡም።