ለተጎተተ ኮምፒውተር የቱ ይሻላል? ፎርማት፣ ራም፣ ኤስኤስዲ ወይስ ሌላ ላፕቶፕ

ደሴም ኮምቦልቻም ያሉ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፦ «ኮምፒውተሬ ይጎተታል፤ ፎርማት ላስደርገው፣ ራም ላስጨምር ወይስ ሸጬው ሌላ ልግዛ?» ብዙዎቹ የሚደውሉት ሱቅ ውስጥ ቆመው፣ ሻጩ አጠገባቸው ሆኖ ነው። በዚያ ሁኔታ ዋጋ አስልቶ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ ሳይቸኩል የሚያነበው ሰው እንዲጠቀምበት እዚህ ልዘርዝረው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ኮምፒውተሩ አሁንም በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ ከሌላው ሁሉ በፊት ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከር ፈጣን ማከማቻ፣ አስገቡለት። ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስ እንደገና መጫን፣ ለብቻው ገንዘብ ማባከን ነው። ራም፣ ኮምፒውተሩ የከፈታችሁትን ሥራ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ፣ ሁለተኛ ነው። ሌላ ላፕቶፕ መግዛት የመጨረሻው ነው፤ እሱንም ከገዛችሁ የምትገዙበት መንገድ አለው።

መጀመሪያ በነጻ የሚደረግ ምርመራ አለ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ኮምፒውተሩ በተንቀራፈፈበት ሰዓት «ዲስክ» የሚለው 100 ከመቶ ላይ ተጣብቆ፣ ሲፒዩ (ዋናው አስሊ) ግን 10 እና 20 ላይ የሚንሸራሸር ከሆነ ጥፋተኛው ሃርድ ዲስኩ ነው። «ሜሞሪ» የሚለው ከ90 በላይ ሆኖ አልወርድ ካለ ራሙም ተጨንቋል። ሲፒዩው ምንም ሳትከፍቱ 100 ላይ ከሆነ ቫይረስ ወይም ተደብቆ የሚሠራ ፕሮግራም ፈልጉ። እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል። አንዲት ትንሽ ፋይል ለማንበብ ጭንቅላቱ ተንቀሳቅሶ፣ ሳህኑም እስኪዞርለት ጠብቆ ነው፤ በዚህ አኳኋን በሰከንድ መቶ ትናንሽ ፋይሎችን እንኳ አያነብም። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚጠይቀው እጅግ ብዙ ትናንሽ ፋይል ነው። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ፋይል ያነባል። ስለዚህ የአሥር ዓመት ላፕቶፕ ላይ እንኳ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

አሁን ወደ ዋጋው። ይህን ስጽፍ ደሴ ፒያሳና አራዳ አካባቢ የተባልኩትን ነው የማስቀምጠው። ዶላሩ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ ቆሞ አያውቅምና እናንተ ስትሄዱ ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላል። ፎርማት 500 ብር። ያገለገለ 4 ጊጋ ዲዲአር 3 (የቀድሞው ዓይነት) ራም ከ1,200 እስከ 1,500። 256 ጊጋ ኤስኤስዲ 4,500፣ ማስገቢያና ዊንዶውስ መጫኛ 500፣ ድምሩ 5,000። ያገለገለ፣ ሲፒዩው የኢንቴል ኮር አይ 5 ስምንተኛ ትውልድ የሆነ ላፕቶፕ ደግሞ ከ35,000 ብር በታች የሚሰጥ አላገኘሁም።

ፎርማቱ ርካሽ ይመስላል። እስቲ እናስላው። ሃርድ ዲስኩ ያው ስለሆነ ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር ለጥቂት ሳምንታት ቀለል ይለዋል፤ ዊንዶውስ አፕዴቱን ሲያወርድና ፕሮግራሞች ሲጠራቀሙ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በዓመት ሦስት ጊዜ የሚያስደርጉ ሰዎች አውቃለሁ። 1,500 ብር ማለት ነው፤ በሦስት ዓመት 4,500፣ የኤስኤስዲው ዋጋ ልክ። ኮምፒውተሩም እስከዚያው እንደተጎተተ ነው።

ከዋጋውም በላይ የሚያናድደኝ ፎርማቱ የሚደረግበት መንገድ ነው። የኮምቦልቻ ወዳጄ፣ አስተማሪ ናት፣ ላፕቶፗን አንድ ሱቅ ሰጥታ ስትቀበል ሁለት አንቲቫይረስ፣ ከማይታወቅ ፍላሽ የመጣ፣ ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ የሚያሠራ ማስከፈቻና ያልጠየቀቻቸው ጨዋታዎች ተጭነውበት አገኘሁት። ሁለት አንቲቫይረስ እርስ በርስ እየተጠባበቁ ዲስኩን ያስጨንቁታል። ማስከፈቻ የሚባለው ደግሞ ራሱ የቫይረስ መግቢያ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ከፋብሪካው ፈቃድ ይዘው የወጡ ላፕቶፖች ቁልፉ ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጧል፤ ያው ዓይነት ዊንዶውስ እንደገና ሲጫንና ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይከፈታል። ስለዚህ ጠጋኙን «ማስከፈቻ እንዳትጭንበት፣ መጀመሪያ በራሱ ይከፈት እንደሆነ እንይ» በሉት።

ሰነዶቿም ችግር ገጥሟቸው ነበር። ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፉ የድሮ ፈተናዎቿ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ሆነው መጡ። ፋይሎቹ አልተበላሹም፤ ከፎርማቱ ጋር የጠፋው ፎንቱ ነው። መልሰን ስንጭነው ተነበቡ። ዊንዶውስ ከማስጫናችሁ በፊት፣ ለኤስኤስዲም ቢሆን፣ የፎንት ማህደሩን ከሰነዶቻችሁ ጋር ገልብጡ።

ራም የሚጠቅመው ሲያንስ ብቻ ነው። 4 ጊጋ ያለው ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 10 ራሱ ግማሽ ያህሉን ይይዛል፤ ክሮም ላይ ጥቂት ገጾች ሲከፈቱ የቀረው ያልቃል፤ ያን ጊዜ ትርፉ ወደ ዲስኩ ይጻፋል። ዲስኩ የሚሽከረከር ከሆነ ኮምፒውተሩ ስታክ የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው። ከ4 ወደ 8 ማሳደግ ስለዚህ ዋጋ አለው። ከ8 ወደ 16 ግን ለጽሑፍ ሥራ፣ ለኢንተርኔትና ለፊልም ልዩነቱ አይታይም፤ «ራም ጨምር» የሚላችሁ ሻጭ ዝም ብሎ ዕቃ እየሸጠ ነው። ሌላም አለ። ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ ራም ቢገባለትም አይጠቀምበትም። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 አንዱ የሌላው ቦታ አይገባም። አራተኛ ትውልድ ላፕቶፖች ደግሞ በ1.35 ቮልት የሚሠራውን፣ ፒሲ 3 ኤል የተጻፈበትን ይፈልጋሉ፤ በ1.5 ቮልቱ አልነሳም ሊሉ ይችላሉ። ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ገብቶ ሲሠራ እዩ እንጂ በቁጥር ተነግሯችሁ አትግዙ።

ኤስኤስዲ ስትገዙ ዋጋውን በመጠኑ አካፍሉት። 128 ጊጋው 3,000 ብር ነው፤ ለአንድ ጊጋ 23 ብር። 256ቱ በ4,500 ሲሰላ ከ18 ብር በታች። 512ቱ 7,500፤ 15 ብር አይሞላም። እኔ የምመርጠው 256ቱን ነው። 128ቱ ዊንዶውስ፣ ኦፊስና አፕዴት ገብተውበት ቶሎ ይጠባል፤ ኤስኤስዲ ደግሞ ሲሞላ ራሱም ይዘገያል። 512ቱ ፊልምና ፎቶ ለሚያከማች ይሆናል፤ ግን ፊልሙ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ሊቀመጥ ስለሚችል 3,000 ብር መጨመሩ አይታየኝም። 240 እና 256 ለእናንተ አንድ ናቸው፤ በርካሹ ግዙ።

«አዲስ አበባ በ4,000 አለ» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ለዘመድ ልካችሁ በአውቶቡስ ስታስመጡ 200 ያህል ይሄዳል፤ የሚተርፈው 300 ብር ነው። ኮፒ (አስመስሎ የተሠራ) ሆኖ ቢገኝ ግን የምትመልሱት 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ ሻጭ ነው። ለዚህ 300 ብር ደሴ ውስጥ ፊቱን የማውቀውን ሰው እመርጣለሁ።

ስለ ኮፒ እንነጋገር፤ ገንዘቡ የሚቀልጠው እዚህ ነው። አንደኛው ዓይነት «1 ቴራ» ወይም «2 ቴራ» ተብሎ በ256ቱ ዋጋ የሚቀርበው ነው። ሲከፈት ትንሽ ቦርድ ላይ የስልክ ሜሞሪ ካርድ ተለጥፎበት ይገኛል፤ ክብደት እንዲኖረውም ብረት ይጨመርበታል። ኮምፒውተሩ 1 ቴራ ብሎ ያነበዋል፤ የተገለበጡት ፋይሎችም ያሉ ይመስላሉ። ትክክለኛው ቦታ ሲያልቅ ግን አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል፤ የሠርግ ቪዲዮ እንዲህ ሆኖ ሲጠፋ አይቻለሁ። ዋጋው ከመጠኑ ጋር የማይገናኝ ከሆነ ሌላ ምርመራ ሳትፈልጉ ተዉት።

ሁለተኛው ያገለገለውን አጽድቶ፣ የኪንግስተን ወይም የሳምሰንግ መለያ ለጥፎ፣ በላስቲክ አሽጎ መሸጥ ነው። ይህን ለመያዝ ሻጩ በዩኤስቢ ማገናኛ ሱቁ ኮምፒውተር ላይ እንዲሰካውና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም እንዲከፍተው ጠይቁ። የሠራበት ሰዓትና እስካሁን የተጻፈበት መጠን ይወጣል። አዲስ ከሆነ ሰዓቱ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ነው። «አዲስ ነው» የተባለ ኤስኤስዲ ብዙ ሺህ ሰዓት ሠርቶ ሲገኝ ሻጩ የሚሰጠው ምክንያት ሁሉ ከንቱ ነው። አንዳንድ ማገናኛ ይህን መረጃ አያሳልፍም፤ ያን ጊዜ ላፕቶፓችሁ ውስጥ አስገብቶ እንዲያሳያችሁ በሉት። «እንዲህ አናደርግም» ካለ ጎረቤቱ ሱቅ አለ።

ቤት እንደደረሳችሁ በዚያው ቀን ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በሚባለው ፕሮግራም ሙሉውን ጽፎ መልሶ እንዲያነበው አድርጉ። ዊንዶውስ ከመጫኑ በፊት ቢሆን ይመረጣል። ጊዜ ይወስዳል፤ የመጠን ማጭበርበርን ግን ያጋልጣል። ደረሰኝ ላይ ስሙ፣ መጠኑና የመመለሻ ቀኑ እንዲጻፍ አስቀድማችሁ ተስማሙ። «አብሽር፣ ችግር ካለ እኛ አለን» የሚለው ቃል መልካም ነው፤ ግን ወረቀት ላይ ይስፈር።

ፍጥነቱ ላይ አትጨነቁ። ለአሮጌ ላፕቶፕ የሚሆነው ሳታ የሚባለው ባለ 2.5 ኢንቹ ዓይነት ሲሆን በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል፤ ለቤት ሥራ ይበቃል። ከ3,000 ሜጋባይት በላይ የሚያነበው ኤንቪኤምኢ የሚባለው ዓይነት ማስገቢያው ያለው አዲስ ላፕቶፕ ላይ ነው የሚሠራው።

የወጣውን ሃርድ ዲስክ ለጠጋኙ አትተዉለት። 500 ብር የማትሞላ የዩኤስቢ ማቀፊያ ገዝታችሁ መጠባበቂያ አድርጉት፤ ኤስኤስዲ ሲሞት እንደ ሃርድ ዲስክ ድምፅ አሰምቶ አያስጠነቅቅም፤ ድንገት ነው የሚሄደው፣ ከውስጡም ፋይል ማውጣት ይከብዳል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ርካሽ ኤስኤስዲ ሊጎዳ ስለሚችል ባለ ዴስክቶፖች ይህ ይመለከታችኋል። በ2014ቱ ጦርነት ኮምፒውተራቸውን ያጡ የማውቃቸው ሰዎች እስካሁን የሚቆጩት ማሽኑን ሳይሆን ውስጡ የቀረውን የልጆቻቸውን ፎቶ ነው። መጠባበቂያውን ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ቤት አታስቀምጡት።

ሌላ ላፕቶፕ መግዛት የሚያዋጣው ያለው ማሽን ማዘርቦርዱ ሲጎዳ ወይም ሥራው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ነው። የዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በደንቡ የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ከአይ 5 ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ8 ወይም በ10፣ በ11፣ በ12 የሚጀምረውን ፈልጉ። ስድስተኛ ትውልድ በ22,000 «ርካሽ» ተብሎ ሲቀርብላችሁ፣ ቤት ያለውን በ5,000 ብታድሱት የሚደርስበት እዚያው ነው፤ 17,000 ብር ለማታገኙት ልዩነት ትከፍላላችሁ። አደራ የምለው አዲስ በካርቶን ያለ፣ ሴሌሮን የሚባል ደካማ ሲፒዩና ቦርዱ ላይ የተበየደ 64 ጊጋ ማከማቻ ያለውን እንዳትገዙ ነው። አዲስ ነው፣ ያምራል፣ ባትሪውም ይቆያል፤ ግን ከአሮጌ አይ 5 ከኤስኤስዲ ጋር ሲነጻጸር ይዘገያል፣ ማከማቻውም አይቀየርም።

ኮምቦልቻ ላላችሁ አንድ ጨምሬ ልናገር። ከተማዋ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ትሞቃለች፤ አቧራው ማራገቢያውን ሲደፍነው ሲፒዩው እንዳይቃጠል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ላፕቶፑ ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት የሚጎተት፣ ማራገቢያውም የሚጮህ ከሆነ ኤስኤስዲ ብቻውን አይፈታውም። ለኤስኤስዲው ሲከፈት ማራገቢያው እንዲጸዳና የሲፒዩው ፔስት (ሙቀቱን የሚያስተላልፈው ቅባት) እንዲቀየር ጠይቁ፤ አንዴ ስለተከፈተ ከ300 ብር በላይ ሊያስከፍላችሁ አይገባም።

5,000 ብሩ ለጊዜው ከሌለ ፎርማቱን ተዉትና 500ውን አስቀምጡ። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርታፕ» ከሚለው ሥር ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን የማትፈልጓቸውን ዝጉ፤ ከአንቲቫይረሶቹ የዊንዶውሱን ዲፌንደር አስቀርታችሁ ሌላውን አውጡ፤ ከሲ ድራይቩ ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ባዶ አድርጉ። ይህ በእጃችሁ፣ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ነው፤ የኤስኤስዲው ገንዘብ እስኪጠራቀምም ያሠራችኋል።