ውዱን ቦታ አትውሰዱ ላሉን ሴት

ይህን የምጽፈው አንዲት ሴት ለማመስገን ነው። ቴክሳስ፣ በባሕሩ ጠረፍ፣ ሮክፖርት በምትባል ትንሽ ከተማ በአንድ አርቪ (በመኪና የሚሄድ ቤት) ማቆሚያ ፓርክ ቢሮ ውስጥ ይሠራሉ። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። አምና እኔና ባለቤቴ የብርዱን ወራት በሰላም ያሳለፍነው በእሳቸው ነው። ስማቸው አደባባይ ላይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጽፈውም። ሥራቸውን ግን ልናገር።

የምንኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። የጃንዋሪ ሌሊት እዚያ በአማካይ 10 ፋራናይት ገደማ ነው፤ ከዜሮ በታች የሚወርድበትም ሞልቷል። ባለቤቴ ቁርጥማት አለባት። ብርዱ ሲጠና ጉልበቷ ይያዛል፣ ደረጃ መውጣት ጭንቅ ይሆናል። ጡረታ ስንወጣ ያገለገለ አርቪ ገዛን። ሐሳባችን ቀላል ነበር፤ ሲበርድ መሄድ፣ በረዶው ሲቀልጥ መመለስ።

ካቻምና አልሆነልንም። የሄድንበትን ቦታ ስም አልጠራም። ፎቶ አይተን ነው የያዝነው። በር ስትከፍት ፊት ለፊትህ ባሕር! እውነትም ባሕር ነበር። ነፋሱ ግን ፎቶ ላይ አይታይም። ሌሊቱን ሙሉ ቤታችን ሲወዛወዝ ያድራል። የበረንዳው ሸራ በአራተኛው ቀን ተቀደደ። መብራቱ 50 አምፔር ነው ተብለን 30 ሆኖ አገኘነው፤ ማሞቂያና ማይክሮዌቭ አንድ ላይ ስናበራ ድርግም ይላል። ባለቤቴ ለፀሐይ ብላ ሄዳ ጉልበቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ውስጥ ዋለች። በሦስተኛው ሳምንት ተመለስን። የቀረውን ገንዘብ የመለሰልን የለም።

አምና ሴፕቴምበር ላይ እንደገና ስልክ መደወል ጀመርኩ። ወዳጆቻችን ፍሎሪዳ ሂዱ አሉን። ፍሎሪዳ ይሞቃል፣ አልክድም። ነገር ግን የስቴት ፓርኮቹን የፍሎሪዳ ነዋሪ ከ11 ወር በፊት መያዝ ሲችል ከሌላ ስቴት የሚመጣው የሚፈቀድለት ከ10 ወር በፊት ነው። ቢገኝም ከ14 ሌሊት በላይ አያስቆዩም። ሦስት ወር ለሚቀመጥ ሰው ይህ አይሆንም። ቴክሳስን የመረጥኩት በመንገዱ ነው። ትራክ ስነዳ ስለኖርኩ አይ-35 የሚባለውን አውራ ጎዳና አውቀዋለሁ። ከሚኒሶታ ተነስቶ ሳን አንቶኒዮ ድረስ ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ትልቅ ተራራ አያቋርጥም። ከዚያ በአይ-37 ወደ ባሕሩ መውረድ ነው። በጠቅላላው ወደ 1,400 ማይል። እኛ በአምስት ቀን ቀስ ብለን ገባን።

የደወልኩባቸው ሁሉ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው፤ ስንት ሌሊት እና የካርድ ቁጥር። እኚህ ሴት ግን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የመኪናዬ ርዝመት ነበር። ቀጥለው ስንት አምፔር እንደሚወስድ፣ ሲቆም ወደ ውጭ የሚገፋው ክፍል በየትኛው ጎን እንደሚከፈት፣ ሐኪም የሚከታተለው ሰው እንዳለ ጠየቁ። ስለ ባለቤቴ ስነግራቸው ኢንሹራንሳችን ቴክሳስ ውስጥ ይሠራ እንደሆነ አስቀድሜ እንዳጣራ መከሩኝ። ኮርፐስ ክሪስቲ ከተማ ካሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች ወደ 35 ማይል እንደምንርቅም ነገሩኝ። የአየሩንም እውነት አልደበቁም። የጃንዋሪ ቀን አብዛኛውን ጊዜ በ60ዎቹ ነው፣ ሌሊቱ በ40ዎቹ፤ ዋና የሚዋኝበት ሙቀት ከፈለጋችሁ እዚህ አትምጡ አሉኝ። ደንበኛ ሊያጡ ይችሉ ነበር። እኔ ያመንኳቸው ግን ያኔ ነው።

ስንደርስ ከፊት ያለውን፣ ውሃው ዳር ያለውን ውድ ቦታ ጠየቅኩ። ካቻምና የደረሰብኝን ረስቼ አይደለም። ሰው ባሕር ሲያይ ልቡ ይሸፍታል። ሴትዮዋ እሺም እምቢም ሳይሉ ‘ና፣ በእግር እንሂድ’ አሉኝና ወደ ዛፎቹ ወሰዱኝ። ሮክፖርትን የምታውቁ ላይቭ ኦክ የሚባሉትን ዛፎች አይታችኋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን አጎንብሰዋል፣ በእጅ የተበጠሩ ይመስላሉ። ‘ዓመቱን ሙሉ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ነው እንዲህ ያደረጋቸው’ አሉኝ። ‘የሚስትህን ጉልበት የሚጎዳው ግን እሱ አይደለም። በዚህ ወቅት ከሰሜን ድንገት የሚወርደው ነው። ስለዚህ ዛፉ በሰሜን በኩል ይሁንላችሁ፣ በራችሁ ወደ ደቡብ ይከፈት።’ ከኋላ፣ ከወፍራም ኦክ ሥር ያለ ቦታ አሳዩኝ። ዋጋው ከፊተኛው ያንሳል። ባሕሩ የሁለት ደቂቃ መንገድ ነው።

የወር ክራይ ስትይዙ መብራት ብዙ ጊዜ ለብቻው በቆጣሪ ይከፈላል። እሳቸው ቆጣሪውን አብረን አንብበን ቁጥሩንና ቀኑን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ሁለታችንም ፈረምን። በወሩ መጨረሻ ያለ ጭቅጭቅ ከፈልን።

ጥምቀት ሰሞን ያሉት ነፋስ መጣ። ጠዋት 71 ዲግሪ ነበር፣ በሸሚዝ ቁርስ በላን። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በሰሜን በኩል ጠቆረ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ 38 ገባ። አካባቢው ኖርዘር ይለዋል። ሲመሽ በራችን ተንኳኳ። ሴትዮዋ ካፖርት ደርበው፣ ባትሪ ይዘው ቆመዋል። የእያንዳንዱን ሰው በር እያንኳኩ ነበር። የውሃ ታንከሬን አስሞልተው ቱቦው በረዶ እንዳይሠራ አስነቀሉኝ፣ የማሞቂያውን ጋዝ መለኪያ በባትሪያቸው አዩት። ፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በበረዶ ተይዛ መብራት ሲጠፋ እዚሁ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብርድ ሲተነበይ ሰው አይተው ነው የሚተኙት። አውሎ ነፋሱ ሀርቪ በኦገስት 2017 ያረፈውም እዚሁ አካባቢ ነው። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ስለሆነ በብርዱ ወራት ስለ እሱ አትጨነቁ አሉን።

ያን ሌሊት የጋዝ ማሞቂያችን አልነሳ አለ። ባለሙያ የጠሩልንም እሳቸው ናቸው። ፓርክ ለፓርክ እየዞረ አርቪ የሚጠግን ወጣት ነው፤ እሱንም እግዚአብሔር ይስጠው። ከውጭ ያለውን የአየር መተንፈሻ ከፍቶ ጣቱን ሰደደ። ተርብ በጭቃ ቤቷን ሠርታበታለች። ጠርጎ አወጣው፣ ማሞቂያው ተነሳ። አዲስ ዕቃ ያስፈልጋል ቢለኝ አምኜ እከፍል ነበር። ያስከፈለኝ የመጣበትን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ሴትዮዋ ወደ ጉዝ አይላንድ ስቴት ፓርክ ላኩን። ዕድሜው ከ1,000 ዓመት በላይ የሚገመት አንድ ትልቅ ኦክ አለ። ከዚያ አካባቢ ሜዳው ላይ ሁፒንግ ክሬን የሚባሉትን ነጫጭ ትልልቅ ወፎች አየን። ከካናዳ ወደ 2,500 ማይል በረው ነው ለብርዱ ወራት የሚመጡት። በ1941 እዚህ የሚከርሙት 15 ገደማ ብቻ ቀርተው ነበር፤ ዛሬ ከ500 በላይ ናቸው። አባት፣ እናትና ቡናማ ጫጩታቸው አብረው ይሄዳሉ። ባለቤቴ አጥሩን ይዛ ለረጅም ጊዜ ቆመች። ስትቆም ዱላዋን አልያዘችም። ያየሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ልብ አላለችውም።

ለገና ሂውስተን ሄደን አስቀድሰን፣ እንጀራ ገዝተን ተመለስን። ሦስት ሰዓት ያህል ነው። በመጨረሻው ሳምንት ባለቤቴ ከኦኩ ሥር ረከቦቷን ዘርግታ ቡና ቆላች። ሴትዮዋ ጭሱን አይተው እየሮጡ መጡ፤ የእሳት አደጋ መስሏቸው ነው። ከዚያ ቁጭ ብለው እስከ በረካ ጠጡ።

ዘንድሮም ያንኑ ቦታ ይዘናል። ወደዚያ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፤ የቢሮውን ስልክ ለወገን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። ከመደወላችሁ በፊት ግን መኪናችሁን ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ ለኩ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።