ክፍቱ ጄኔሬተር ወይስ ባለሽፋኑ ኢንቨርተር? ዴሲቤሉን አስልታችሁ ግዙ

ባሕር ዳር መብራት በጠፋ ቁጥር ሱቅና ምግብ ቤት ያላቸው ወዳጆቼ ይደውሉልኛል፤ «የትኛውን ጄኔሬተር እንግዛ?» ይላሉ። መልሴ አንድ ነው፦ ባለሽፋኑን ኢንቨርተር፣ ማለትም ሞተሩ በሳጥን የተሸፈነና ኃይሉን በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ የሚያስተካክል ጄኔሬተር።

እኔ መጀመሪያ ክፍቱን፣ ሞተሩ ያልተሸፈነውን፣ በ38 ሺህ ብር ገዛሁ። ኢንቨርተሩ 85 ሺህ ስለነበር አልደፈርኩም። ጣና ዳር ያለችው ዓሣ ቤቴ ውስጥ ክፍቱ ሲነሳ የሻይ ብርጭቆዎች ጠረጴዛ ላይ ይንቀጠቀጣሉ፤ አስተናጋጇ ትእዛዝ ለመስማት ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ታስጠጋለች። ደንበኛ አንድ ጊዜ ታግሦ ይበላል፤ በሁለተኛው አይመጣም።

የክፍቱ ጽሑፍ 70 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይላል፣ የኢንቨርተሩ 58፤ ሁለቱም በ7 ሜትር ርቀት የተለኩ ናቸው። የ12 ልዩነት ትንሽ መስሎኝ ነበር። ዴሲቤል ግን በሎጋሪዝም የሚሰላ ነው፤ 10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል። 12ን ለ10 አካፍሉ፣ 1.2 ይሆናል፤ 10 በ1.2 ኃይል ሲነሳ 16 ገደማ ይመጣል። አንዱ ክፍት የ16 ኢንቨርተሮችን ያህል የድምፅ ኃይል ይለቃል ማለት ነው። የ2 ሎጋሪዝም 0.301 ስለሆነና በ10 ሲባዛ 3 ገደማ ስለሚመጣ፣ ሁለት ኢንቨርተር ጎን ለጎን ብታስነሱ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው።

ከቅጂ ተጠንቀቁ። በ52 ሺህ ብር «ድምፅ አልባ ኢንቨርተር» ብለው ሸጡልኝ፤ 60 ዴሲቤል የሚል ተለጥፎበታል፣ ርቀቱ ግን አልተጻፈም። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር 6 ዴሲቤል ይቀንሳልና፣ በ14 ሜትር ለክተውት ከሆነ በ7 ሜትር 66 ነው። በሦስተኛው ወር ተቃጠለ። ጠጋኙ የጥቅሉን ሽቦ በቢላዋ ፋቅ ሲያደርገው ከመዳብ ቀለሙ ሥር ነጭ አሉሚኒየም ወጣ። እንደገና ለማስጠቅለል 9 ሺህ ከፈልኩ። 38፣ 52 እና 9 ሲደመር 99 ሺህ ነው፤ በ85 ሺህ ዋናውን ገዝቼ 14 ሺህ በተረፈኝ ነበር።

ኢንቨርተርም ችግር አለበት፤ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው ከተቃጠለ መለዋወጫው ውድ ነው። የክፍቱን ካንዴላና ካርቡሬተር ግን ማንኛውም መካኒክ ይሠራዋል። ስለዚህ ግቢያችሁ ሰፊ ከሆነ ክፍቱን መግዛት ትችላላችሁ፦ ሜዳ ላይ 28 ሜትር ስታርቁት ድምፁ 58 ይደርሳል፤ 28 የ7 አራት እጥፍ ነውና 12 ዴሲቤል ይወርዳል። የኬብሉንና የመጠለያውን ዋጋ ግን ደምሩበት። ጭሱ ስለሚገድል ሁለቱንም ቤት ውስጥ አታስነሱ።

ሻጩን «ስንት ዴሲቤል፣ በስንት ሜትር፣ በምን ያህል ጭነት?» ብላችሁ ጠይቁት። ርቀቱን ካልነገራችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።