ከውጭ መጥቶ ለቤተሰብ የድምፅ ዕቃ ማሟላት፦ ሻጩ፣ ገጣሚውና ጠጋኙ

ከውጭ ለአጭር ጊዜ መጥቶ ለቤተሰቡ ሳሎን የድምፅ ዕቃ የሚያሟላ ሰው ሦስት ባለሙያ ዘንድ መድረሱ አይቀርም፦ ዕቃ ሻጩ፣ ገመድ ዘርጊው ገጣሚና ጠጋኙ። በዚህ ጉዞ ሦስቱንም ተጠቅሜያለሁ። ለተከፈለው ገንዘብ ከሁሉ የላቀ አገልግሎት የሰጠው ጠጋኙ ነው። አቅሙን ቆጥቦ የሚገዛ ሰው ሱቅ ከመግባቱ በፊት እሱን ቢያማክር ብዙ ኪሳራ ይቀርለታል።

የሱቁ መስተንግዶ መልካም ነው። ስፒከሩን ከፍተው ያሰማሉ፤ በስልኬ ልሞክረው ሲባሉም አይከለክሉም። ችግሩ ሽያጩ በሙሉ በዋት ቁጥር ላይ መንጠልጠሉ ነው። ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው 1000 ወይም 3000 ዋት ብዙውን ጊዜ ፒኤምፒኦ የሚባለው የማስታወቂያ ቁጥር ነው። ሊታመን የሚገባው አርኤምኤስ (ሳይቋረጥ የሚሰጠው ዋት) ተብሎ ከነኦሙ (የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም መጠን) የተጻፈው ነው። እሱ ከሌለ ዕቃውን አዙሮ ጀርባውን ማንበብ ነው፤ ከመስመር 60 ዋት ይወስዳል የተባለ ማጉያ (አምፕሊፋየር) 1000 ዋት ከየትም አያመጣም።

ከዋት ይልቅ የስፒከሩ ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ይጠየቅ። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ20 ዋት የሚጮኸውን ያህል ለመጮህ፣ 87 ዴሲቤል የሚሰጠው 40 ዋት ይፈልጋል። 3 ዴሲቤል በቀነሰ ቁጥር የሚያስፈልገው ዋት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ሲጠብ ከግማሽ የሚበልጠውን ለሁለት ስፒከሮች መስጠትና በማጉያው ላይ መቆጠብ ያዋጣል። አምስት ትንንሽ ስፒከርና አንድ ቤዝ በአንድ ካርቶን የያዘው ጥቅል ዓይን ይሞላል፤ በዚያው ገንዘብ የሚገኙ ሁለት ደህና ስፒከሮች ግን ይበልጡታል፤ በተለይ ንግግርና ዘፈን ሲሰማ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ስታወዳድሩም የሁለቱን ከፍታ አስተካክሉልኝ በሉ፤ ጆሮ ምንጊዜም ትንሽ የሚበልጥ ጩኸት ያለውን ይመርጣል። ቤዙና ትሬብሉ ወደ መሃል ይመለስ።

መዳፍ የምታክለው፣ ብዙ ሳትግል የምትሠራው ክላስ ዲ የምትባል ማጉያ ለአነስተኛ በጀት ጥሩ ምርጫ ናት፤ አዳፕተሯ ግን መታየት አለበት። 12 ቮልት አዳፕተር በ8 ኦም ስፒከር ላይ ድምፁ ሳይሰነጠቅ ከ9 ዋት አያልፍም፤ 24 ቮልት ቢሆን ወደ 36 ይጠጋል። ማጉያዋ 24 ቮልት እንደምትቀበል አስቀድሞ ይረጋገጥ።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ከአሜሪካ ወይም ከካናዳ ዕቃ ተሸክሞ ለሚመጣ ሰው። የዕቃው ጀርባ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ መሰኪያውን ማስማማት ብቻ ይበቃል። 120 ብቻ የሚል ማጉያ 220 ላይ ከተሰካ ግን ሲቀናው ፊውዙ ይቃጠላል፣ ሳይቀናው ትራንስፎርመሩ። ሱቁ ውስጥ የተሰጠው ምክር «ስታቢላይዘር ግዙ» የሚል ነበር። ይህ ምክር ዕቃ ያስቃጥላል። ስታቢላይዘር የሚዋዥቀውን 220 ያረጋጋል እንጂ፣ የተለየ የ110 መውጫ ካልተሠራለት በቀር ቮልቱን አያወርድም። የሚፈለገው ማውረጃ ትራንስፎርመር ነው፤ አቅሙም ማጉያው ከመስመር ይወስዳል ተብሎ ከተጻፈው ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፤ 200 ዋት ለሚል 300 ቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም የሚጻፍበት መለኪያ)። ለፀጉር ማድረቂያ ተብሎ የሚሸጠው ቀላል የጉዞ መቀየሪያ ሞገዱን እየቆራረጠ ስለሚያሳልፍ በስፒከሩ ውስጥ ርግብግቢት ያመጣል፤ ማጉያውንም ያግለዋል።

ጠጋኙ ሙያውን ያሳየው እዚህ ላይ ነው። ክዳኑን ከፍቶ የትራንስፎርመሩን የመግቢያ ጥቅልሎች በቴስተር ለካ። በአንዳንድ ማጉያዎች ውስጥ ሁለት የ120 ጥቅልሎች ጎን ለጎን ተያይዘው ይገኛሉ፤ እነሱን አንዱን ከሌላው ቀጥሎ በተከታታይ ማያያዝ ማጉያውን ለዘለቄታው የ240 ያደርገዋል። ያኔ ፊውዙም ይቀየራል፤ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን የሚወስደው አምፔር በግማሽ ስለሚወርድ 4 አምፔር የነበረው 2 ይሆናል። የአንዱ ጥቅልል ጅማሬና መጨረሻ ከተገላበጠ ግን ልክ እንደ ሾርት ነውና ባለሙያ ያልሆነ አይሞክረው። ጥሩ ጠጋኝ የሚለየውም በዚህ ነው፦ መጀመሪያ ሲያበራው 100 ዋት የሚሆን የድሮ ዓይነት አምፖል በመስመሩ ላይ ከማጉያው ጋር በተከታታይ ያስገባል። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ስህተት አለ፤ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ዕቃው ደህና ነው። ይህን ሳያደርግ በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካ ጠጋኝ ካጋጠመ ዕቃውን ይዞ መሄድ ይሻላል።

የሸክላ ማጫወቻ ለብቻው ይታሰብበት። ሞተሩ በአሜሪካው መስመር 60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) የሚመራ ከሆነ በእኛው 50 ኸርዝ ላይ በደቂቃ 33⅓ መዞር የነበረበት ሸክላ ወደ 28 ይወርዳል፤ ዘፈኑ ይጎተታል፣ ድምፁም ይወፍራል። ትራንስፎርመር ኸርዝን አይለውጥም። በቀበቶ ለሚዞሩ አንዳንድ ማጫወቻዎች የ50 ኸርዝ መዘውር አለ፤ በዲሲ አዳፕተር የሚሠሩት ደግሞ ከዚህ ችግር ነፃ ናቸው።

ገጣሚው ፈጣንና ንጹሕ ነው፤ ገመዱ አያስቀይምም። ይዞት የሚመጣው ገመድ ግን ቀጭን ነው፤ ገዝቶ መጠበቅ ይሻላል። ስፒከሩ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን፣ ደርሶ መልሱ 20 ሜትር ነው፤ 0.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ 0.7 ኦም ገደማ ይጨምራል፣ 1.5 ካሬ ግን 0.24 ያህል ብቻ። ለ8 ኦም ስፒከር ከ0.4 በታች ጥሩ ነው። ውድ የሙዚቃ ገመድ አያስፈልግም፤ ባለ 1.5 ለስላሳ የመብራት ገመድ ይበቃል። መዳብ መሆኑን ግን አንዲቱን ክር በምላጭ ፍቆ ማየት ነው፤ ውስጧ ከነጣ የተቀባ አሉሚኒየም ነው።

ጫፉ 1 ሳንቲሜትር ያህል ይላጥና ክሮቹ ይጠምዘዙ። አንዲት ያመለጠች ክር ጎረቤቷን ከነካች ማጉያው ይጠፋል፣ አለዚያም ይቃጠላል። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር መግባቱን ሲጨርስ ራሳችሁ ፈትሹ፤ አንዱ ከተገላበጠ ምንም ነገር አይበላሽም፣ ቤዙ ግን ይጠፋል፣ ዘፋኙም መሃል ላይ መቆሙ ቀርቶ የት እንዳለ አይታወቅም። ገመዱ ቀለም ከሌለው የ1.5 ቮልት ባትሪ አዎንታዊ ጫፍ ከቀይ በሚታሰበው ሽቦ፣ ሌላውን ከሌላው ለቅጽበት ማስነካት ይበቃል፤ ማጉያው ላይ ሳይታሰር ነው ታዲያ። የስፒከሩ ወረቀት (እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ወደ ውጭ ከገፋ ልክ ነው።

የገጣሚው ከባድ ስህተት ተጨማሪ ስፒከር ሲጠየቅ የሚመጣው ነው። በአንድ መውጫ ላይ ሁለት የ8 ኦም ስፒከሮችን ጎን ለጎን ሲያስር 4 ኦም፣ አራት ሲያስር 2 ኦም ይሆናል። ጀርባው ላይ ከ6 እስከ 16 ኦም የሚል ማጉያ ይህን አይችልም፤ ይግላል፣ ከዚያም በየጥቂት ደቂቃው ራሱን ያጠፋል። አራቱን ሁለት ሁለት በተከታታይ፣ ጥንዶቹን ደግሞ ጎን ለጎን ማሰር መልሶ 8 ኦም ይሰጣል።

ቴሌቪዥኑን በኦፕቲካል (ድምፁን በብርሃን በሚያስተላልፍ ገመድ) ካያያዛችሁና ድምፅ ከሌለ ወይም የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ገመዱ አይወቀስ፤ በቴሌቪዥኑ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ወደ ፒሲኤም (ያልታመቀ ዲጂታል ድምፅ) መቀየር ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ዲሽ በተገናኘበት ቤት ደግሞ «ህም» የሚል ድምፅ ከመጣ የዲሹን ገመድ ነቅሎ ማዳመጥ ነው፤ ከጠፋ ምክንያቱ የመሬት መስመር ዙር (ዕቃዎቹ ከመሬት በሁለት መንገድ ሲገናኙ የሚፈጠር) ነውና ገመዱ ላይ ይህን ግንኙነት የሚቆርጥ አይሶሌተር ይገባል፣ ዕቃዎቹም ከአንድ ማከፋፈያ ይሰኩ። የሶኬቱን የመሬት ጥርስ በናስትሮ እጠቀልልልሃለሁ የሚል ገጣሚን አትፍቀዱለት፤ እሱ ሰውን ለኤሌክትሪክ ማጋለጥ ነው።

ያገለገለ ስፒከር የሚገኘው ከጠጋኙ ዘንድ ነው፤ ለገንዘቡም ከአዲሱ የሚሻለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የጠርዙ ስፖንጅ በጣት ሲነካ ከተፈረፈረ መቀየር አለበት። ወረቀቱን በሁለት አውራ ጣት እኩል ገፋ አድርጉት፤ ከፈገፈገ ጥቅልሉ ተጣሟል፣ ይለፋችሁ። 8 ኦም የሚባለው በቴስተር 6 ወይም 7 አካባቢ ማሳየቱ ትክክል ነው፤ ምንም ካላሳየ ተበጥሷል።

ለገጣሚው የመጨረሻውን ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት በተለመደው ከፍታ ግማሽ ሰዓት አስከፍቱት። ከዚያ የማጉያውን ክዳንና የትራንስፎርመሩን ጎን በእጅ ዳስሱ፤ ለብ ማለቱ ደንብ ነው፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ጠፍቶ ኦሙ እንደገና ይቆጠር።