"ክሬሙን አልሸጥልሽም" ላለችኝ ፋርማሲስት ምስጋናዬ ይድረሳት

ሰላም የጅማ ልጆች፣ ዛሬ አንዲት ሰው ላመሰግን ነው። ትንሽ ይረዝማል ግን አፋችሁ ዙሪያ እና አገጫችሁ ላይ በሚወጣ ነገር የተቸገራችሁ አንብቡልኝ።

እኔ ቡና መጋዘን ለቀማ ላይ ነው የምሰራው። አቧራው ስለሚከብድ ቀኑን ሙሉ ማስክ አደርጋለሁ፣ አንዱን ማስክ ደግሞ ሶስት አራት ቀን ነበር የምደጋግመው። ባለፈው ክረምት አፌ ዙሪያ ጥቃቅን ቀያይ ነገር ወጣብኝ፣ ያቃጥላል ያሳክካል። ጓደኛዬ አንድ ክሬም ሰጠችኝ፣ ቀባሁት፣ በሶስት ቀን ጥፍት አለ። ስተወው ግን ብሶበት መጣ፣ ስቀባ ይጠፋል ስተው ይመጣል፣ እንዲህ እያልኩ አራት ወር ገፋሁ። ሰርግ ላይ እንኳን አፌን በሻርፕ ሸፍኜ ነበር የምቀመጠው።

ክሬሙ ሲያልቅብኝ ሄርማታ በኩል አንድ ፋርማሲ ገብቼ ባዶውን ትዩብ አሳየኋት። "እህቴ ይሄን የት ነው የምትቀቢው?" አለችኝ። ፊቴ ላይ ስላት "አልሸጥልሽም" አለች። ወላሂ ተናድጄ ነበር፣ ብሬን ይዤ መጥቼ ምን ማለት ነው ብዬ። እሷ ግን ወረፋውን ለባልደረባዋ ትታ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችኝና ፊቴን በደንብ አየችው። ከዛ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ክሬሙ ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን የሚያፍን መድኃኒት) ነው፣ ቅላቱን ለጊዜው ስለሚያፍነው የዳንኩ ይመስለኛል እንጂ ቆዳዬን እያሳሳው ነው፣ አፍ ዙሪያ ሲቀባ ደግሞ ራሱ ሽፍታ ያመጣል። "ከንፈርሽን ተከትሎ ያለው ቀጭን መስመር ንጹህ ነው፣ ጥቁር ነጥብም የለውም፣ ብጉር አይመስለኝም፣ ፔሪኦራል ደርማታይተስ የሚባለው አፍ ዙሪያ የሚወጣ ሽፍታ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሐኪም ይየው" ብላ ቆዳ ሐኪም ጋ ላከችኝ። ሐኪሙም ያው ነው ያለኝ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ቀድማ ማስጠንቀቋ ነው። ክሬሙን ስታቆሚ መጀመሪያ ይብስብሻል፣ ደንግጠሽ እንዳትመለሺበት ብላኝ ነበር። እውነትም ሁለት ሳምንት ፊቴ ነደደ። ባትነግረኝ ኖሮ በሶስተኛው ቀን ሌላ ትዩብ እገዛ ነበር፣ እሷ ባትሸጥልኝ ሌላ ቦታ መቼም አይጠፋም። ሐኪሙ ያዘዘልኝን እየወሰድኩ በሁለት ወር ለቀቀኝ፣ አልሀምዱሊላህ።

ሌላው ደግሞ ጥያቄዎቿ። ከንፈርሽን ምን ትቀቢያለሽ? የኮኮናት ዘይት፣ እስከ አገጬ ድረስ። ተይው አለችኝ፣ የቆዳ ቀዳዳ ይደፍናል። ጥርስሽን መቼ ነው የምትቦርሺው? ፊቴን ከታጠብኩ በኋላ። ገልብጪው አለች፣ የጥርስ ሳሙናው አረፋ አገጭ ላይ ደርቆ ሲውል ቆዳ ያስቆጣል፣ ቦርሸሽ ጨርሰሽ ፊትሽን ለስላሳ በሆነ ሳሙና ታጠቢ። ማስኩ በየቀኑ ይቀየር፣ የጨርቅ ከሆነ ማታ ይታጠብ፣ ላቡና አቧራው ታሽቶ ነው የሚውለው። ሻርፑም አገጭ ስር ሲጠብቅ እንደዛው ነው። እጄን አገጬ ላይ አድርጌ የመቀመጥ ልማድ እንዳለኝም እዛው ቆሜ አይታ ነገረችኝ!

በኋላ ታናሽ እህቴን ወሰድኳት። የሷ የምር ብጉር ነው፣ የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል አገጯ ላይ ይወጣል፣ ሆርሞን ነው አለቻት። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባል የሚቀባ የብጉር መድኃኒት፣ 2.5 ፐርሰንቱን ሰጠቻት፣ ጠንካራው ይሻላል ብለሽ አትሩጪ የበለጠ ያደርቅሻል እንጂ ብላ። ፎጣና ሻርፕ እንደሚያነጣ፣ ለውጡም ከ6 እስከ 8 ሳምንት እንደሚፈጅ፣ ማፍረጥ እንደማይገባ ሁሉ ነገረቻት። የወር አበባዋ የሚዛባ ከሆነ ደግሞ ሐኪም እንድታይ። ለዚህ ሁሉ ምክር ሳንቲም አልጠየቀችንም።

እባካችሁ ስም ያልተጻፈበት ቅልቅል ክሬም ፊታችሁ ላይ አትቀቡ፣ ሰው ስለዳነበት ብላችሁም አትውሰዱ፣ እኔ አይቼዋለሁ።

ስሟን ሳላስፈቅዳት እዚህ አልጽፍም፣ ፋርማሲውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ እነግራችኋለሁ። ጠዋት ላይ ወረፋው ቀለል ይላል። ስትሄዱ የምትቀቡትን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ትዩቡ ባዶም ቢሆን፣ ጽሁፉን እያነበበች ነው የምትነግራችሁ።