የጌም ማስተር መከለያ፦ ይገዛ፣ ቤት ይሠራ ወይስ ይቅር?

ጎንደር ውስጥ ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስን ወይም መሰል የትረካ ጨዋታ (ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ሆነው በዳይስ የሚጫወቱትን) በጌም ማስተርነት፣ ማለትም ታሪኩን እየተረከ፣ ለመምራት የሚነሣ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው በእሱና በተጫዋቾቹ መካከል የሚቆመው መከለያ የግድ ነው ወይ ብሎ ነው። የግድ አይደለም። ብቻ ለምን እንደምትፈልጉት ሳትለዩ ገንዘብ አታውጡ።

መከለያ ካርታንና የታሪኩን ምስጢር ይሸፍናል፣ ዳይስ ይደብቃል፣ ሕጎቹንም ከጌም ማስተሩ ፊት ያቆማል። ለእኔ ትልቁ ጥቅም የመጨረሻው ነው። ውጊያው ጦፎ ሳለ አንዱ «ሽባ የሆነውን ጠላት ተጠግቼ ብመታው ምን ይሆናል?» ሲል መጽሐፍ ማገላበጥ ከተጀመረ ጨዋታው ይቀዘቅዛል።

ፋብሪካ ሠራሹ የዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ መከለያ አራት ገጽ ያለው ወፍራም ካርቶን ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ሥዕሉም ያምራል። እዚህ ከተማ ሱቅ ውስጥ ሲሸጥ አላየሁም፤ ከውጭ በሚመጣ ሰው ነው የሚገኘው። ስታስልኩ እትሙን ለዩ። በፈረንጆቹ 2014 የወጣው ሕግ ድካምን ስድስት ደረጃ ሰጥቶ ለየደረጃው የተለያየ ጉዳት ይደነግጋል፤ በ2024ቱ ግን እያንዳንዱ ደረጃ ከሃያ ጎኑ ዳይስ ውጤት ላይ 2 ይቀንሳል። የአንዱን መከለያ ይዞ ሌላውን መምራት ስሕተት ያመጣል። ሌላ ዓይነት ጨዋታ ለምትመሩ ደግሞ ሠንጠረዦቹ ከንቱ ናቸው።

ቤት የሚሠራውን አጥብቄ እመክራለሁ። የዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የ2014ቱ እትም መሠረታዊ ሕግ (ቁጥሩ 5.1) ከ2023 ጥር ወር ጀምሮ ማንም እንዲቀዳው በሚፈቅደው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ ተለቋል፤ የምትፈልጉትን ሠንጠረዥ ቀድታችሁ ማራኪ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ አሳትሙና ላሚኔት አስደርጉ። ወረቀቱን አግድም አድርጉት። ኤ4 ሲተኛ ቁመቱ 21 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ሲቆም ግን ወደ 30 ይጠጋል፤ ያኔ ፊታችሁ ይሸፈናል፣ በፊት ገጽታ መተረክም ይቀራል። አራት ወረቀት ወደ 120 ሴንቲ ሜትር ስለሚዘረጋ ለፒያሳ ካፌ ጠረጴዛ ሦስት ይበቃል። በሰፊ ፕላስተር ስታያይዙ በመካከል ጥቂት ክፍተት ተዉ፤ አለዚያ አይታጠፍም። አንድ ድርጊት እንዲሳካ ዳይሱ ሊደርስበት የሚገባውን ቁጥር (10 ቀላል፣ 15 መካከለኛ፣ 20 ከባድ) እና እንደ ሽባነት ያሉትን 15ቱን የገጸ ባሕርይ ሁኔታዎች አስገቡ። እኔ የምወደው ግን በጥግ በኩል የሚጻፈውን የስም ዝርዝር ነው፦ ተጫዋቾቹ ሳይታሰብ ባለ ጠጅ ቤቷን ስም ሲጠይቁ ወይዘሮ ትርንጎ ትላላችሁ፣ ታሪኩም ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

ላፕቶፕን በመከለያ ምትክ መጠቀም መብራት ሲጠፋና ባትሪው ሲያልቅ ያስቸግራል፤ ዓይናችሁንም ከሰዎቹ ይነጥቃል።

ያለ መከለያ መምራትስ? በ2010 እንደወጣው አፖካሊፕስ ወርልድ ባሉ ጨዋታዎች መሪው ዳይስ ስለማይጥል የሚደብቀው የለም፤ አንድ ክሊፕ ቦርድ ይበቃዋል። በሌሎቹም ቢሆን የውጊያ ዳይስ በግልጽ ቢጣል እመርጣለሁ፤ 20 ሲወጣ ሁሉም አብሮ ይጮኻል፣ መሪው አዳላ የሚል ሐሜትም አይነሣም። በር ላይ ወጥመድ ሲፈለግ ግን ልዩ ነው። ትንሽ ቁጥር ያየ ተጫዋች ፍለጋው እንዳልተሳካ ስለሚያውቅ ገጸ ባሕርይውን ወደ በሩ አያስጠጋም። እንዲህ ላለው ዳይሱን በስኒ ሸፍኖ መጣል ይበቃል፣ መከለያ አያስገዛም።

ጀማሪ ከሆናችሁ እንግዲህ የቤቱን ሥሩ። የፋብሪካውን የምመክረው አንድ እትም መርጦ ከዓመት እስከ ዓመት ለሚመራ ሰው ነው፤ ስታስልኩት እንዳይጣመም ሻንጣው ሥር በጠፍጣፋው እንዲቀመጥ ለሚያመጣው ሰው ንገሩት።