ድምፁ ሸጋ፣ ፊደሉ ሣጥን፦ ከወራት በኋላ ስለ ሙዚቃ ማጫወቻዬ

ከሁሉ በፊት ይህን ልበል፤ ይህ ማጫወቻ አማርኛ አያሳይም። የዘፈኑ ርዕስ በፊደላችን ከተጻፈ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው የባዶ ሣጥን ረድፍ ነው። የዘፋኙም ስም ሣጥን፣ የአልበሙም ስም ሣጥን። ከገዛሁት ወራት አልፈዋል፣ አሁንም ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል። ሌላ ሌላው ነገሩ ደህና ነው። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ደህናው ብዬ አይደለም።

ዕቃውን የገዛሁት ለእናቴ ነው ማለት ይቻላል። ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ አብረን ነው የምንኖረው። ሳሎን ውስጥ አንድ የቆየ ቴፕ አለን። የካሴት ማጫወቻው ከሞተ ሰንብቷል፤ ስፒከሮቹ ግን ዛሬም አይታሙም። ሙዚቃ የምንሰማው ስልኬን በኦክስ ገመድ ከቴፑ ጋር እያገናኘን ነበር። ስልክ ደግሞ ይጠራል። መዝሙሩ መሐል ላይ ቴክስት ይገባል። እኔ ከቤት ስወጣ ሙዚቃውም አብሮኝ ይወጣና እናቴ ሬዲዮ ብቻ ይቀራታል። ስለዚህ ከሳሎን የማይወጣ፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ መብራት ሲጠፋም በኢርፎን የሚያሰማ ትንሽ ማጫወቻ ፈለግኩ። አንድሮይድ የሌለው፣ ዘፈን ከማጫወት ሌላ ሥራ የማያውቅ። አገኘሁ። ደህና ስልክ የሚገዛ ብር ከፍዬ ይዤው ገባሁ።

ድምፁን መካድ አልችልም። በተለይ በገና ላይ። በገና 10 አውታር አለው። ያ ዝዝዝ የሚለው ድምፁ የሚመጣው አውታሮቹ ሥር ከሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ነው። ዘፈን የሚጭኑ ልጆች ጋ በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 የተጫነ በገና ስትሰሙ ያ ንዝረት ተድበስብሶ አንድ ወጥ ጩኸት ይሆናል። ኤምፒ3 ፋይሉን ለማሳነስ ጆሮ አይሰማውም ያለውን ቆርጦ ስለሚጥል ነው። ፍላክ የሚባለው የፋይል ዓይነት ግን ይጨምቃል እንጂ ከድምፁ ምንም አይጥልም። እናቴ አስቀምጣቸው የነበሩትን ሲዲዎች በፍላክ ገልብጬ ጫንኩላት። በዐቢይ ጾም አንድ ማታ ከፈትኩት። እያንዳንዱ አውታር ሲነካ ለየብቻው ይሰማል። የደርዳሪው ጣት አውታሩን ሲለቅ ሳይቀር ይሰማል። እናቴ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰብሰብ አድርጋ፣ ቡናዋን እንኳ ሳትነካ አዳመጠችው። "እዚሁ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የሚደረድር ነው የሚመስለው" አለች። የዚያን ዕለት ብትጠይቁኝ ኖሮ ለሁሉም ሰው ግዙ እል ነበር።

ጣጣው የመጣው እኔ ሥራ ስገባና እሷ ብቻዋን ስትቀር ነው። እናቴ አማርኛ ጥርት አድርጋ ታነባለች። ጋዜጣ እጇ ከገባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ነው። እንግሊዝኛ ግን አታነብም፣ ማንበብም የለባትም። ቀን ላይ ደወለችልኝ። "ልጄ፣ ይሄ የመስኮት ፍርግርግ ምንድነው? የትኛውን ልንካ?" መልስ አልነበረኝም። ሦስተኛውን ንኪ ብላት ዘፈኑ ሌላ ሆነ። አራተኛውን ብላት ስብከት መጣ። በመጨረሻ "ተወው በቃ፣ ስትመጣ ትከፍትልኛለህ" ብላ ዘጋችው። ሬዲዮኑን ከፈተች። ለዚህ ነው ወይ ያን ሁሉ ብር የከፈልኩት?

የሚያበሳጨኝ ነገሩ ቀላል መሆኑ ነው። አንድ ምሽት የሣጥኖቹን ዝርዝር አፍጥጬ ሳይ አንድ ነገር ታየኝ። አቀማመጣቸው በዘፈቀደ አልነበረም። እየከፈትኩ ሳረጋግጥ በ"ሀ" የሚጀምረው ከላይ ነው፣ ቀጥሎ በ"ለ"፣ ወረድ ሲል በ"መ"። ሣጥኖቹ በሀሁ ቅደም ተከተል ተሰልፈዋል! ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ሰጥቷል፤ የእኛ ፊደላት ቁጥርም የሚሄደው በሀሁ ተራ ነው። ማጫወቻው ቁጥሩን ያነባል፣ በቁጥሩም ይደረድራል። ፊደሉን ያውቀዋል ማለት ነው። የጎደለው ሥዕሉ ብቻ ነው፤ ፎንት አልጫኑበትም። የቻይንኛ፣ የጃፓንኛ፣ የኮሪያኛና የሩሲያኛ ፊደል ሁሉ አለው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። 350 ገደማ ምልክት ነው። በነፃ የሚገኝ የግዕዝ ፊደል ፎንት ከአንድ ሜጋባይት ያነሰ አለ፤ አንድ ተራ ኤምፒ3 ዘፈን ራሱ ከዚያ በላይ ቦታ ይይዛል። ይህን ማስገባት ምኑ ይከብዳል?

ለአምራቹ በኢሜይል ጻፍኩ። ፎቶ አንስቼ፣ ፎንቱ የት እንደሚገኝ ጠቁሜ። አስተያየትዎን ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈናል የሚል መልስ መጣ። ቀጥሎ የመጣው አፕዴት የስክሪኑን ቀለም መቀየር አስቻለ። ሣጥኖቹ ግን እዚያው ናቸው።

እዚህ ከተማ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያስተዛዝባል። ጎረቤቴ ይህንኑ ማጫወቻ ከእኔ አይቶ ገዛ። እሱ የሚሰማው የሲዳምኛና የኦሮምኛ ዘፈን ነው። ሁለቱም በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ሁሉም ጥርት ብሎ ይነበብለታል። አንድም ሣጥን አያውቅም። ለእሱ ምርጥ ዕቃ ነው፤ ቅሬታዬን ስነግረው መጀመሪያ አልገባውም ነበር። እኔም ቤት የሲዳምኛዎቹ ዘፈኖች በስማቸው ይታያሉ። አንድ ሚሞሪ ካርድ ላይ ግማሹ ስም ያለው፣ ግማሹ ስም የለሽ። ሐዋሳ ውስጥ አንድ ግቢ እንኳ በሁለትና በሦስት ቋንቋ ነው ሙዚቃ የሚሰማው። ማጫወቻ ሁሉንም እኩል ማሳየት አለበት።

የሚሸጡት ልጆች ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። "ብሮ፣ ሃይ-ሬስ ነው እኮ፣ 24 ቢት 192 ኪሎኸርዝ!" ከሲዲ የላቀ ጥራት ያለው ፋይል ያጫውታል ማለታቸው ነው። ይሁን። የእናቴ ሲዲዎች ግን 16 ቢት 44.1 ኪሎኸርዝ ናቸው፤ ሲዲ ሁሉ እንዲያ ነው። ከቴሌግራም የወረደ 128 ኪሎቢት ዘፈንም ውድ ማጫወቻ ውስጥ ስለገባ የተጣለው አይመለስለትም። ያ ሃይ-ሬስ የሚል ወርቃማ ምልክት ለእኛ ሳሎን ምንም አልጨመረም። "ፋይሉን በእንግሊዝኛ ሰይመው" የሚልም አለ። እናቴስ? "ስልክ ይበቃሃል፣ ስልክ አማርኛ ያሳያል" የሚል ሌላ ይመጣል። ከስልክ ለመገላገል ነው የመጣሁት አልኩህ እኮ! ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን "ስንት ሰው ነው አማርኛ ብሎ የሚጠይቀው?" የሚለው ነው። በዚህ ፊደል የሚያነበው ሕዝብ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል። ሻጮቹ ካልጠየቁለት አምራቹ ከየት ይስማ?

መላ አልፈለግኩም አይባልም። ሮክቦክስ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ የራስህን ፎንት መጫን ያስችላል። የእኔን ሞዴል ግን አይደግፍም። የዘፈኖቹን መረጃ ኮምፒውተር ላይ ማጽዳትም ጀመርኩ። እዚያ የማይገኝ ጉድ የለም። የዘፋኙ ስም ቦታ ላይ የቴሌግራም ቻናል ስም ተለጥፏል። ጥላሁን ገሠሠ በ"ሠ" እና በ"ሰ" ስለተጻፈ ሁለት ዘፋኝ ሆኗል። የድሮዎቹ ፋይሎች ደግሞ ለርዕስ 30 ባይት ብቻ ነው ያላቸው፤ አንድ የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ቁጥሮች ፋይል ውስጥ በሚቀመጡበት መንገድ) ሦስት ባይት ስለሚወስድ አሥረኛው ፊደል ላይ ይቆረጣሉ።

በመጨረሻ የሠራው የአልበሙ ሥዕል ነው። ማጫወቻው ፊደል መሳል ባይችልም ፎቶ ያሳያል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አልበም አራት ማዕዘን ሥዕል ሠራሁ። ነጭ መደብ ላይ በትልቁ በጥቁር ፊደል፦ "በገና"፣ "የድሮ ዘፈን"፣ "የሠርግ"። በጄፔግ ነው የሚቀመጠው። መጀመሪያ አንዳንዱ አልታየም፤ ፕሮግሬሲቭ የሚባለውን ጄፔግ አይከፍትም። ተራውን፣ ቤዝላይን የሚሉትን ሳደርገው ሁሉም መጣ። አሁን እናቴ ሥዕሉን እያነበበች አልበሙን ትመርጣለች። አልበሙ ውስጥ ስትገባ ግን ዞሮ ዞሮ ሣጥን ነው። ከመጀመሪያው ጀምራ እስከ መጨረሻው ትሰማለች እንጂ የምትወደውን አንዱን ነጥላ ማውጣት አትችልም። እሷ ደግሞ አንድ ዘፈን ከወደደች እሱኑ እየደጋገመች መስማት ነው የምትፈልገው።

ባትሪው፣ ቁልፎቹ፣ የድምፅ መጨመሪያው፣ ሁሉም ይሠራል። በኦክስ ገመድ ከቴፑ ጋር ያለ ችግር ይናበባል።

ልትገዙ ያሰባችሁ ሱቅ ስትሄዱ ሚሞሪ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት ዘፈን ይበቃል። አንዱ የፋይሉ ስም በአማርኛ ይሁን። ሌላው ውስጡ ያለው ርዕስና የዘፋኝ ስም በአማርኛ ይሁን፤ ማጫወቻው ሁለቱን ከተለያየ ቦታ ነው የሚያነባቸው። ከመክፈላችሁ በፊት አስገቡና እዩት። ሻጩ "ካርድ አይገባም፣ እሽጉ ይበላሻል" ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ድምፁን ጊዜ ወስዳችሁ ብታዳምጡ አይከፋም፤ ግን የዛሬ ማጫወቻዎች በድምፅ ብዙም አያሳፍሩም።

የእኔን አልሸጠውም። ማታ ማታ ለራሴ እሰማበታለሁ፣ በበገናው ደስተኛ ነኝ። ለእናቴ ግን ሌላ እየፈለግኩላት ነው። ድምፁ ትንሽ ቢያንስም ግድ የለኝም፣ ብቻ የዘፈኑን ስም ራሷ አንብባ ትክፈተው።